የሲኞራ ሐሙስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሩት ከሮም ፎቶ ላከችልኝ። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ጣሪያ ላይ ያለ ባር ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ የሸክላ ጣሪያና ጉልላት ብቻ ነው። እኔ ውቅያኖስ ማዶ፣ ማርቲንዴል በሚባል ሰፈር፣ ውጭ የሚያዝያ በረዶ እየወረደ፣ መጀመሪያ ያየሁት የብረት አጥሩን ማጠር ነው። «ብረቱን እንዳትደገፊ» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን፣ እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ እዚያው ከተማ ጣሪያ ላይ መቀመጤ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሲኞራ የምላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት እሠራ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ገና መዳኑ ስለሆነ አንድ እርምጃ ብቻቸውን አላስኬዳቸውም። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ቢሆንም ከቤት አልወጣም ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ጓደኛዬ ጽጌ መጥታ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሲኞራን አስተኝቼ፣ ስልኩን ከራስጌያቸው አድርጌ ወጣሁ።

ባሩ ከቤታችን ሁለት መንገድ ብቻ የሚርቅ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አራንቻታ የሚሉትን የብርቱካን ለስላሳና የወይራ ፍሬ አመጡልን። ወይራን በአገሬ የማውቀው ለእንጨቱ ነበር፤ ፍሬው ጨው ጨው ሲለኝ ገረመኝ። ፀሐዩ ለስለስ ብሎ ጣሪያው ሁሉ የዳቦ ቅርፊት መስሏል። ወፎች ከእግራችን በታች ይበራሉ። በየቀኑ ወለል የምወለውልበት ከተማ አልመስል አለኝ።

«ሮም ነሽ ወይስ ሲኞራ ማጀት?» አለችኝ ጽጌ፣ ዐይኔ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዞር አይታ።

«ሰገነታችንን እየፈለግሁት ነው።»

«አይ አንቺ፣ ዕረፍትሽንም ሥራ አደረግሽው።»

አገኘሁት። ካሰጣኋቸው አንሶላዎች መካከል ሲኞራ በሌሊት ልብሳቸው፣ ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ ሰገነቱ ላይ ወንበር ስበው ብርቱካን ይልጣሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው መጣሽ?»

«ከዚያ ጣሪያ ላይ አይቼዎት ነው። ቢወድቁስ?»

«ሐሙስን የምጠብቀው እኮ ስትወጪልኝ ብቻዬን ልራመድ ብዬ ነው። አንቺ ግን አትወጪም።» አንድ ቁራጭ ብርቱካን ጎረሱ። «እናትሽ ብትሆን እዚያ ጣሪያ ላይ ታስወጣሽ ነበር?»

«አታስወጣኝም።»

«እንግዲያው አንቺም እናት አትሁኚብኝ፤ ተመለሺ፤ ጓደኛሽ ትጠብቅሻለች።»

በየአሥር እርምጃው ዞር እያልኩም ቢሆን ተመለስኩ።

ይህን ሳስብ ሩት መለሰችልኝ፤ «ማሚ፣ ቪዲዮ ኮል ላድርግልሽና አብረን እንይ?» እሺ ልል ጣቴ ስልኩ ላይ ደርሶ ነበር። «ተዪው፣ ተጫወቺ» ብዬ ጻፍኩላት። ስጋቱ አልለቀቀኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ግን እኔ ከቤት ባልወጣሁባቸው በእነዚያ ሐሙሶች ሁሉ፣ ሲኞራ አልጋቸው ላይ ሆነው ወጥቼ በሩ ሲዘጋ ለመስማት ይጠብቁ እንደነበር አስባለሁ።