ጉልበት ላይ የተመታ ከበሮ

የልጄን የክላርኔት ሣጥን ትናንት ከአልጋዋ ሥር አገኘሁት። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ ኖአ ለአባቷ ሐዘን ብላ መንፋት ትታለች። ሣጥኑን ስከፍት የእንጨቱና የቅባቱ ሽታ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች በምንበዛበት ክርያት ሞሼ በሚባል ሰፈር ነበርን፣ አራተኛ ፎቅ። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ጓድ፣ በቲዝሞሬቱ ውስጥ፣ ክላርኔት እነፋ ነበር። እነፋ ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከሙዚቃ ጓዱ ሁሉ ኋላ የምቀረው እኔ ነበርኩ። “ሞራ” ማለትም መምህርት እያልን የምንጠራት ሞራ ሩት "በሚመጣው ወር ይህን ዜማ ካልተጫወትሽ ክላርኔቱ ለሌላ ልጅ ይሰጣል" አለችኝ። ቁርጤን አውቄ ቤት ስደርስ ከታችኛው ፎቅ ለቅሶ ተቀበለኝ። ለእማማ ዘውዴ የወንድማቸው መርዶ ከጎንደር መጥቶ ነበር።

እናቴ ራዲዮኑን ዘጋች፤ የኔንም ሣጥን ዘጋች። "ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ተኔ ቤት ዋሽንት አይነፋም! ወሩ ይውጣ።" እዚያው እንዳልለማመድ ትምህርት ቤቱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ለሞራ ሩት ምክንያቱን መንገር ደግሞ አሳፈረኝ።

ታደለ የሕንፃችንም የክፍሌም ልጅ፣ የቲዝሞሬቱ ከበሮ መቺ ነበር። ደረጃው ላይ ሳለቅስ አገኘኝና "የተከለከለው መንፋት ነው፤ ጣት ማንቀሳቀስ ማን ከለከለሽ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከሕንፃው ጀርባ፣ ብርቱካኑ ሥር እንቀመጥ ነበር። እኔ ሳልነፋ ጣቶቼን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬዳለሁ፤ እሱ ምቱን በመዳፉ ጉልበቱ ላይ ይይዝልኛል። ስሳሳት ያቆማል። ምንም አይልም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኳስ የሚጫወቱት ጓደኞቹ "ታደለ፣ ያላ፣ ና እንጂ! ጉልበትህ ምን በደለህ?" እያሉ ይስቁበታል። ቀና ብሎም አያያቸው። ወሩን ሙሉ ኳስ አልነካም።

በፈተናው ቀን የመጀመሪያው ድምፄ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ወዲያው ከኋላዬ ያንን የመዳፍ ምት ሰማሁ። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁት ነበር፤ ዜማውን እየተንገዳገድኩም ቢሆን ዳር አደረስኩት።

"ቤትሽ ስንት ሰዓት ብትነፊ ነው?" አለች ሞራ ሩት ተገርማ።

ታደለ ቀደመኝ። "አንዴም አልነፋችም፣ ሞራ። ጎረቤታችን ሐዘን ላይ ናቸው።"

መምህሯ ክላርኔቱን ወደ ሣጥኑ መለሰችና ሣጥኑን አቀበለችኝ። ከዚያ "ቤሰደር፣ እሺ፣ ክላርኔቱ ያንቺ ነው" አለችኝ።

በትዳር በኖርንባቸው ዓመታትም ታደለ ያው ነበር። ስሳሳት ምንም ሳይል ከመጀመሪያው ይጀምርልኝ ነበር።

ያኔ አንድ መርዶ የአራት ፎቅ ራዲዮ ያዘጋ ነበር። ዛሬ በአዲሱ ሕንፃችን አሳንሰር ውስጥ "ሻሎም" የሚሉኝ ሰዎች ማን እንደሞተብኝ አያውቁም።

ኖአ እሑድ የክላርኔት ፈተና አለባት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክላርኔቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

"እማ፣ አባዬ እኮ..." አለች።

"አትንፊ፤ ጣትሽን ብቻ" አልኳት።

ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥኩና በመዳፌ ጉልበቴ ላይ ምቱን ጀመርኩላት።