በታችኛው ረድፍ የተሰቀለው ፎቶዬ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሜሮን ልደታ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤቴ መጥታ፣ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ ፊልም አሳየችኝ። ፊልሙ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አንዲት ቆንጆ ልጅ አለች፤ ቁርሷን ሳትቀርጽ አትበላም፣ እንባዋንም ሳትቀርጽ አታፈስም። ተከታዮቿ መቀነስ ሲጀምሩ ሞታለች ብላ ታስወራና አልጋዋ ውስጥ ተሸፋፍና፣ በስልኳ የሚጎርፈውን የሐዘን መልእክት ትቆጥራለች። ሜሮን ከሳቋ ብዛት እንባዋ መጣ።

«አክስቴ፣ እንዲህ ዓይነት እብድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ፊልሙን አቁማ አፈጠጠችብኝ፤ እኔም ወሬ አልጠላምና ነገርኳት።

ጌጃ ሰፈር ስናድግ፣ መታየት የፈለገች ልጃገረድ ያላት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጋሽ ታፈሰ ፎቶ ቤት መስኮት። ጋሽ ታፈሰ ካነሷቸው ፎቶዎች ያማራቸውን አጉልተው መስታወቱ ውስጥ ይሰቅሉ ነበር። ላይኛው ረድፍ የሙሽሮችና የቆነጃጅት ነው። ታችኛው ግን ሌላ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶውን ያስጎላል፤ ለቅሶ ላይ ታቅፈውት የሚያለቅሱበትን ማለቴ ነው። ያ ፎቶ ቤተሰቡ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ታች ይሰቀላል። የትም ቦታ አልተጻፈም፣ ሰፈሩ ግን ያውቃል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ማን ሞተ ብሎ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ታች ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት የጓደኛዬን ሐምራዊ ቀሚስ ለብሼ፣ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ሲደርስ በእውነት ሸጋ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ላይ ይስቀሉልኝ» አልኳቸው።

«ላይ ቦታ የለም፣ የኔ ልጅ። የግንቦት ሙሽሮች ገና አልወረዱም። መስከረም ላይ ብቅ በይ።»

«ታች አንድ ክፍት ቦታ አለ አይደል?»

መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ታች የነማን እንደሆነ ታውቂያለሽ እኮ!»

«ምን አለበት ጋሼ? ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን አይደል?»

ይህን ያልኩት በገዛ አፌ ነው፤ ማንም አላሳሳተኝም። ተይ ብለው ለመኑኝ፣ አሻፈረኝ አልኩ፣ ሰቀሉልኝ።

በማግስቱ ጉንፋን ጣለኝ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ነው። እማዬ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የአጃ ሾርባ እያጠጣችኝ ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እሷ በርበሬ ልትገዛ መርካቶ ሄደች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ ተኝቻለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነበችን እሪታ ነው። «ያቺን አበባ! ያቺን የመሰለች ልጅ! በጉንፋን?» ለካ መስኮቱን አይተው ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዘው ሲሉ ሌሎቹ ተከተሏቸው።

«እናትየዋስ የት አለች?» አለች አንዷ።

«ከሆስፒታል ሬሳዋን ልታመጣ ሄዳ ነዋ! ፎቶዋን እንኳ አስጎልታ ጨርሳለች!»

ብድግ ብዬ «አለሁ!» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ቀጠሉ፤ «እንደሷ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? ቀና ብላ ሰው አታይም!» እኚሁ እትዬ ዘነበች ባለፈው ሳምንት «ዓይን አውጣ!» ብለው ከደጃቸው ያባረሩኝ ናቸው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አንዷ ፀጉሬን አደነቀች፣ አንዷ ድምፄን፣ አንዷ ደግሞ ሰፈሩ በእኔ ያምር እንደነበር ተናገረች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። መጋረጃው ከወለሉ ከፍ ስለሚል የሚገባው ሰው ሁሉ እግሩ ይታየኛል። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ፣ ጭቃ የለወሰውን ጫማ እያየሁ ሰው መቁጠር ጀመርኩ። አሥር። አሥራ ሦስት። አሥራ ሰባት። ከግቢው የንፍሮ ሽታ መጣ፤ ለለቅሶኛው ስንዴና ሽምብራ ጥደዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ደጃፉ ላይ ቆመ። እማዬ ነች። እማዬ ጭቃውን ሳይጠርግ የሚገባን ሰው፣ ቄስም ቢሆን፣ ከበር ትመልሳለች። ያን ቀን ጫማዋ ሳይጠረግ ገባ።

«ደህና ነበረች» አለች። «ጠዋት ሾርባ ጠጥታለች። ደህና ነበረች እኮ።»

አልጮኸችም። የሰማሁት ጉልበቷ ወለሉን ሲመታ ነው።

መጋረጃውን ገንጥዬ «እማዬ፣ አለሁ!» ብዬ ወጣሁ። እትዬ ዘነበች «በስመ አብ!» ብለው በር ላይ የነበሩትን ደርምሰው ሮጡ፤ ግማሹም ለቅሶኛ ተከተላቸው። እማዬ አልሸሸችም። ጭቃ በነካው እጇ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን ዳበሰች። «ትኩሳቱ ለቆሻል» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ንፍሮው ደርሶ ስለነበር አልተደፋም። የሸሹትም አንድ በአንድ ተመለሱና ከበን በላን። የራሴን ንፍሮ እየቆረጠምኩ «ጨው አንሶታል» ብል፣ እትዬ ዘነበች «አንቺማ ሞተሽም አፍሽ አይዘጋም!» አሉኝና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬም ሳቀች፤ ቀሚሴን ግን እስኪመሽ አለቀቀችም። በማግስቱ ፎቶውን አስወርዳ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው። እስካለፈችበት ቀን ድረስ እዚያው ነበር፤ ከእሷ በቀር ብዙም ሰው አላየው።

ሜሮን ወሬዬን ስጨርስ እንደገና መሳቅ ጀመረች። ፊልሙንም አይተን ጨረስን።

«እንዴት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። «በልጅቷም አልፈርድባትም፤ ስለራስ ደግ ሲወራ መስማት ምን ያህል እንደሚጥም አውቀዋለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰዓት እናቷ በሩን ከፍታ አልገባችም። ብትገባ ኖሮ ፊልሙ እዚያው ጋ ያልቅ ነበር።»