ሦስት እርምጃ የሚሄደው ሰውዬ

መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው የቡና መጋዘኔ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየኝ የጎንደር ልጅ ነበር፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር። የመመረቂያ ጽሑፉ ገበሬና ነጋዴ በቡና ዋጋ እንዴት እንደሚስማሙ ነው። የሚሠራው በኮምፒውተር የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። የቋንቋው ስም በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ነው፤ በአማርኛ ግን ሰው ፊት ስለማይጠራ እኔም እዚህ አልጠራውም።

አንድ ቀን ላፕቶፑን ጆንያ ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ሲከራከሩ የሚያደርጉትን ሁሉ ይንገሩኝ። እንዲህ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ እያሉ» አለኝ።

ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም በዚህስ ማን ይደርስብኛል?

«ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ቡና ማለቴ ነው፣ እጅ ላይ ከቀዘቀዘ እርጥብ ነው፣ ዋጋ ቀንስ። ባለቤቱ ሳይጠየቅ ወላሂ ካለ አሁንም ቀንስ። ከሰርቦ ከተማ ከመጣ ሻይ እዘዝለት፣ ቶሎ አይሄድም።»

ልጁ ሁሉንም ጻፈ። «እምቢ ካለስ?»

«ሦስት እርምጃ ይሄዳል።»

«ለምን ሦስት?»

«አራተኛው የጎረቤቴ የቡና ነጋዴ ደጅ ነዋ! ያኔ የምር ሄደ ማለት ነው። በሦስተኛው ላይ እጠራዋለሁ።»

«ጠርተው ይጨምሩለታል?»

«ምን በወጣኝ! ያንኑ ዋጋ እደግምለታለሁ። እሱም የራሱን ይደግማል።»

«ይሄ ሉፕ ነው» አለ ደስ ብሎት። እስኪስማሙ ድረስ ድገም ብሎ ኮምፒውተሩን ያዘዋል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ጋሼ፣ አልቆመም።»

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሰውዬ። ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል።»

እርምጃውን ደምረን ስናየው በእግሩ ሩቅ ያለችው ሸቤ ከተማ ደርሶ ተመልሷል፤ ከደጄ ግን አልራቀም። አሳዘነኝ። «ሻይ እንኳ አላዘዝክለትም?»

«አይቀልዱ ጋሼ! ነገ አማካሪዬ ያየዋል። ካልቆመ ዓመቱን እደግማለሁ፤ አባቴ ደግሞ ለሌላ ዓመት የሚሸጠው በሬ የለውም። እርስዎ በእውነት ሲሆን እንዴት ነው የሚያቆሙት?»

ዕድሜ ልኬን ስከራከር ይህን አስቤው አላውቅም። «እዚህ ቁጭ በልና እይ» አልኩት።

ቀትር ላይ አንድ ገበሬ መጣ። ዋጋ ጠራ፣ ጠራሁ። ሄደ፣ መለስኩት። አራት ጊዜ እንዲህ ሆንን። አምስተኛው ላይ ወደ መስጊድ የሚያልፉ ሽማግሌ የሁለታችንንም እጅ ይዘው አጋጩና፣ «አቦ፣ በቃ! ሶላት ሊያልፈኝ ነው!» ብለው ሁለታችንም ያልጠራነውን ዋጋ ቆረጡ። አለቀ።

ልጁ ዘሎ ተነሳ። «ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅኸኝ እኔ የማደርገውን ነው። ይሄ የመንገደኛ ሥራ ነው።»

«መንገደኛ ካለፈ ዋጋ ቁረጥና አቁም» ብሎ ጻፈበት። ያ ምስኪን ሰውዬ ወዲያው አረፈ።

በነጋታው አማካሪው ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ ብለው መጋዘኔ ድረስ መጡ። ላፕቶፑን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ መንገደኛ የምትለው ማነው? በየትኛውም ጥናት የለም። አውጣው!»

«ከወጣ አይቆምም፣ መምህር።»

«አውጣው አልኩህ!»

«አይቆምም።»

አማካሪው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«መምህር!» አለ ልጁ።

ተመለሱ። «አውጣው።»

«አይቆምም።»

እንደገና ወጡ። በሦስተኛው እርምጃ ላይ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም።

አሁን ከሚዛኔ ተነሳሁ። የሁለቱንም ቀኝ እጅ ያዝኩ። «አቦ፣ በቃ! መንገደኛው ይቆይ፤ ማን እንደሆነ ማብራሪያ ይጻፍበት።»

አማካሪው የተያዘ እጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። «አምስት ገጽ» አሉ።

«ግማሽ» አለ ልጁ።

«ሁለት!» አልኩና እጃቸውን አጋጨሁት።