በእህቴ እግር ላይ ያየሁት መረብ

ለባሌ እንኳ ትንፍሽ ያላልኩትን ነው የምነግራችሁ። የጸሎት ቡድናችን "የከበደሽ ነገር ካለ ተናገሪ" ሲለኝ ስለ ሥራ ድካም አውርቼ እመለሳለሁ።

ሞጆ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሰላም አዳማ ከተማ ውስጥ ደጃፏ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከእኔ ኋላ አገባች፣ በዓመቷ አረገዘች። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ "ጌታ ጊዜ አለው" ስባል ኖሬአለሁ። የመጀመሪያው ፅንስ ሲወርድባት አለቀስኩ። እውነቱን ልናገር? ግማሹ እንባ የእፎይታ ነበር።

ሁለተኛውን ፀንሳ አራት ወር ሲሞላት ቀሚሷን ሰብስባ፣ "እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሰፈርተኛው ምች ነው ይለኛል" አለችኝ። ባቷና ጭኗ ላይ ጠቆር ያሉ ወይን ጠጅ መስመሮች እንደ ዓሣ መረብ ተጠላልፈዋል። እኔ አወቅሁት። እንዲህ ያለ ቆዳ የነበራት ታካሚ ነበረችን፤ የገዛ ሰውነቷ ራሱን እየተዋጋ ደሟን እንደሚያረጋ፣ ፅንስም በዚያ እንደሚወርድባት ሐኪሙ ሲያስረዳት አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰላም ተመርምራ መድኃኒት ብትጀምር ልጇ ሊተርፍ ይችል ነበር።

"የከሰሉ ወላፈን ነው፤ ከምድጃው ራቅ በይና ቫዝሊን ቀቢው" አልኳት።

ለምን? አማቷ ከጀርባዋ ትራስ ስታስገባላት፣ እሷ ሆዷን ስትደባብስ አይቼ አንጀቴ እርር ስላለ ነው። ቀናሁ። በገዛ እህቴ ቀናሁ። ክፉ እንዲደርስባት ፈልጌ ነበር? አልፈለግሁም እንዳልል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ዝም አልኩ?

በስድስተኛ ወሯ የልጁ ልብ ቆመ። ሐኪሙ እግሯን ገልጦ "ይሄ መቼ ጀመረ?" ሲል፣ እሷ አፏን ሳትከፍት "አሁን ገና ነው ያየነው" ያልኩት እኔ ነኝ። ሰላም ቀና ብላ አየችኝ፤ የረሳሁት መሰላት።

በሦስተኛው እርግዝናዋ ሐኪሙ መርምሮ ያዘዘላትን ደም የሚያቀጥን መርፌ፣ ከሞጆ በሚኒባስ እየተመላለስኩ በየቀኑ ወጋኋት። ሴት ልጅ ወለደች። "በእትዬ እጅ ነው የተረፈችው" እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። ስም እንዳወጣላትም ለመነችኝ፤ አወጣሁላት። ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው እሺ ያልኩት?

ብነግራት ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። የማልነግራትም ለዚህ ነው። በደግነቷ እንኳ እቀናለሁ።