በባዶው ሕንፃ መስኮት ላይ የቆመው ሰው

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ኮሊን ስቶክዌል በሚባል ሰፈር አንድ ጣሪያ ላይ አወጣኝና ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ የፊልም ካሜራ አሳየኝ። ፊት ለፊቱ ሊፈርስ የተወሰነበት የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት የኪራይ ቤቶች ሕንፃ ቆሟል። ካሜራው በየደቂቃው አንድ ሥዕል ብቻ ያነሣል፤ ፊልሙ ሲታይ ወሩ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ይህን ጊዜን ማፍጠን ይሉታል። አልስማማም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጣል ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የሚቀረው ዝም ብሎ የቆመ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ነዋሪዎቹ ለቀው፣ መብራትና ውኃው ተቆርጦ ነበር። በመጪው ሰኞ የማፍረሻ ማሽኑ ይገባል። ዓርብ ከሰዓት ከኮሊን ጋር የታጠበውን ፊልም ስናይ ደመናው ይሮጣል፣ ሕንፃውን ለማፍረስ የሚያዘጋጁት ሠራተኞች እንደ ዝንብ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ግን አንድ ነጭ ነገር ቆሟል። ጠዋት ጠዋት አለ። አይነቃነቅም።

"መጋረጃ ነው" አለ ኮሊን።

"መጋረጃ ትከሻ የለውም።"

"ሠራተኞቹ በሮቹን ሁሉ አንኳኩተዋል፤ ማንም የለም።" መንፈስ ያየ መስሎታል።

ፊልሙን አቁሜ ተጠጋሁ። ከብብቱ ሥር መቋሚያ አለ። መንፈስ እግሩን አያመውም።

ከሠራተኞቹ አለቃ ጋር ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣን። እሱ በሩን አንኳኳ። ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ሳይቆም፣ ሳይፈጥን። ሰውየው ወደ ደረጃው አፈገፈገ።

"አባቴ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው" አልኩ በአማርኛ።

ሹክሹክታው ቀጠለ። "አሜን" እስኪል ቆምን። ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ከፈቱ።

"ምነው ልጄ፣ ሱባኤ የገባ ሰው ይጠራል?"

ከሕንፃው ሲለቁ ቶተንሃም የሚባል ሌላ ሰፈር ከልጃቸው ጋር ቤት ተሰጥቷቸዋል። የልጅ ልጆቻቸው ቴሌቪዥን አላስጸልይ ሲላቸው በአሮጌው ቁልፍ ተመልሰው ፍልሰታን እዚህ ይዘዋል፤ ቆሎና ውኃ ብቻ እየቀመሱ።

"ሲያንኳኩ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። ጸሎት ይቋረጣል እንዴ? ደግሞ የሚያንኳኩት ስም አይጠሩም፣ ጥላቸው በበሩ ሥር ውልብ ብሎ ይጠፋል። የሰይጣን ፈተና መስሎኝ አማተብኩ።"

"ምን አሉ?" አለኝ የሠራተኞቹ አለቃ።

"መንፈሱ አንተ ነህ አሉ።"

አልሳቀም። የውኃ ጀሪካናቸውን ተሸክሞ አወረደላቸው፤ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

ፊልሙን ያዘዘው ድርጅት፣ ሰው ያለበትን ቤት ሊያፈርስ ነበር እንዳይባል፣ ሽማግሌው ያሉበት ሥዕል ሁሉ ይውጣ አለ። ቆርጬ አወጣሁት። ደመናው ትንሽ ይዘላል እንጂ አያስታውቅም። ዛሬ ያንን ፊልም ያየ ሕንፃው ባዶ ነበር ብሎ ይምላል።

ሥራው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ፊልሙ ላይ የሌለ ሰው፣ አልነበረም ማለት አይደለም።