ለደጋ የምትሆን ኤሊ

ካርቶን በጥፍር ሲጫር ከሰማሁ ዛሬም ጆሮዬን እጥላለሁ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ዶሮ በካርቶን አምጥታ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቆምኩ። ብትስቁም ሳቁ። እኔ ግን ለአፍታ ደብረ ማርቆስ፣ በልጅነቴ ተከራይተን በኖርንባት ቤት ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ነው። ትንሹ ወንድሜ ጾሙን ሙሉ ሣር እያጨደ ሲቀልበው የከረመውን በግ አባቴ አረደው። በጉ ድሮም ለዚያው የተገዛ ነበር፤ ለልጁ ግን ይህን የነገረው ሰው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ አባቴ አጠገብ መቀመጥ ተወ። አባቴ እጁን ሲዘረጋለት ሮጦ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ይሸሸጋል። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓይኑ ብቻ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው በዚህ ልጅ ፊት መግቢያ ይጠፋው ነበር። እኔ እንደተኳረፉ መቅረታቸው ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

"ምን እናምጣልህ?" ሲሉት ወንድሜ "የማይታረድ" አለ። ውሻ እንዳይሆን አከራያችን አይፈቅዱም፤ ድመት ደግሞ ጫጩቶቻቸውን ትፈጃለች። በግብርና ሥራ ዓባይ በረሃ ሲወርድና ሲወጣ የሚውለው አጎቴ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ኤሊዎች በጆንያ ይዞ መጣ። ሲሚንቶው ላይ ፀሐይ ውስጥ ዘረገፋቸው። የደረቅ ቅጠልና የቆላ አፈር ሽታ ግቢውን ሞላው።

ወንድሜ ወዲያው መዳፍ የማትሞላዋን አነሳ።

"እሷን ተው" አለው አጎቴ። "ኤሊ አሳድጎ ለማያውቅ ጫጩቷ አትሆንም። የጀርባዋ ድንጋይ ገና አልጠናም፤ የማርቆስ ብርድ አንድ ሳምንት አያቆያትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ታላቁ ነሽ፤ ምረጪለት።"

የመረጥኳት ብትሞት ወንድሜ ከአባቴ ጋር የሚታረቅበት ቀን አይመጣም ብዬ ፈራሁ። አጎቴ እንዳሳየኝ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ጤነኛ ከሆነች ስታነሷት ትከብዳለች፣ እግሯን ትወረውራለች፣ ዓይኗ ይጠራል፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው። መካከለኛዋ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ነበረባት። ትልቋ ግን፣ ጠርዟ የተሸረፈው፣ እጄን በእግሯ በኃይል ገፋችው፤ ልጥላት ምንም አልቀረኝ።

"ይቺን" አልኩ።

"ለደጋ የምትሆን ኤሊ የለችም እንጂ፣ ካለች እሷ ናት" አለ አጎቴ፣ የቀሩትን ወደ ጆንያው እየመለሰ። እኔ የሰማሁት "የለችም" ያለውን ብቻ ነው።

ወንድሜ እናቴን ቀና ብሎ አያት። "እሷን አንበላትም?"

"ወግድ! ኤሊ የሚበላ ክርስቲያን የት አይተሃል?" አለች እናቴ።

ክረምቱ እስኪገባ ደህና ነበረች። ጎመን ስትበላ የአፏ ድምፅ ከጓዳ ይሰማ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ግቢው ላይ ተኛ፣ ጣራው ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፣ እሷም መብላት ቀነሰች። ጭድ ጨመርንላት፣ የምትተኛበትን ካርቶን ወደ ምድጃው አስጠጋን። እኔ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ጆሮዬን ጥዬ ካርቶኑ እስኪጫር እጠብቃለሁ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ይዟት የሚወጣው አባቴ ነበር። ፀሐይ ከሌለ ጋቢው ውስጥ ከቷት ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ማንም አድርግ አላለውም። ወንድሜ ከመዝጊያው ኋላ ቆሞ ያየዋል፤ አይቀርበውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ካርቶኑ አልተጫረም። አንገቷ ጭዱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ በጣቴ ስነካት ወደ ውስጥ አልሰበሰበችውም። ዘወር ስል ወንድሜ ከኋላዬ ቆሟል። አይቷል። የፈራሁት ደረሰ አልኩ፤ ይህ ልጅ ከእንግዲህ ማንንም አያምንም አልኩ። ላቅፈው ተንበረከክሁና እጄን ዘረጋሁ።

በእጄ ሥር ሾልኮ አለፈኝ። እናቴንም አለፋት። ደጃፉ ላይ ወደ ተቀመጠው አባቴ ሮጦ ጋቢው ውስጥ ገባ።

"አባባ፣ በረዳት" ሲል ሰማሁት።

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ሸፈነው። ጋቢው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚያለቅሰው የትኛው እንደሆነ ግን ከቆምኩበት መለየት አልቻልኩም።