በራሰ በራው ላይ የበቀሉ ጃንጥላዎች

ሰገነት ኤርካሎ ድሮን ስታስነሣ ምላሷን በጥርሷ ትይዛለች። የምትሠራው ሶዶ ከተማ ነው፤ የሁምቦን ኮረብቶች ከሰማይ በተነሣ ፎቶ እየተከታተለች፣ ደኑ የት እንደ ጠነከረ፣ የት እንደ ሳሳ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ታሰፍራለች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ትንሽም ትኮራበታለች።

ከኮረብቶቹ ሁሉ ልቧ ያለው ግን የአያቷ የአቶ ዳልጮ መንደር ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው መልሶ ደን ሲለብስ አናቱ ላይ አንድ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። የመንደሩ ሰው «ራሰ በራው» ይለዋል። አቶ ዳልጮ በጉልምስናቸው እዚያ ዛፉን እየቆረጡ ከሰል እያከሰሉ ነው ልጃቸውን ኤርካሎን፣ የሰገነትን አባት፣ ያስተማሩት። «ሳልሞት አረንጓዴ ሆኖ ልየው» ይላሉ ሁልጊዜ። ሰገነትም ችግኝ አመጣለሁ ብላ ቃል ገብታላቸዋለች። ችግኝ የሚታደለው ደግሞ ካርታው ባዶ ብሎ ላሳየው ቦታ ብቻ ነው።

ሰው በድሮኗ ድምፅ እንዳይደነግጥ ብላ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አስነገረች፤ ከአምልኮ በኋላ ኮረብታው ከሰማይ ፎቶ ይነሣል ተባለ። እሷ ከኮረብታው ማዶ ቆማ ድሮኗን ለቀቀች። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ዛፍ ቆጠረ፤ እሷም ካርታውን በወጉ ሳታየው ለአለቃዋ ላከችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

በማግስቱ አለቃዋ ጌታሁን አስጠራት።

«ሰገነት፣ ባዶ ነው ያልሽኝ ቦታ ዛፍ ሞልቶታል እኮ። ችግኙ ለቦምቤ ሰዎች ይሂድ?»

ክው አለች። ዋናውን ፎቶ ከፍታ አጎላችው። ራሰ በራው ላይ ክብ ክብ ነገር ተደርድሯል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ ደማቅ ቀይ።

«ይሄ ቀዩ ምን የሚሉት ዛፍ ነው?» አለ ጌታሁን።

ጃንጥላ ነበር። ምእመኑ የሁምቦን ፀሐይ በጃንጥላው እየተከላከለ፣ ለፎቶ ይመቻል ብሎ ገላጣው ቦታ ላይ ተሰልፏል። ሰገነት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጌታሁንም ሳቀ፤ ግን ችግኙ ሐሙስ ስለሚጫን ከዚያ በፊት ትክክለኛውን ካርታ እንድታመጣ ነገራት።

በነጋታው ኮረብታው ሥር ስትደርስ ወሬውን በስልክ የሰሙት አያቷ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ከነመንደርተኛው ጠበቋት።

«አባባ፣ ምን ብላችሁ እዚያ ላይ ወጣችሁ?»

«ባለቤቱ የሌለበት ፎቶ ምን ያደርጋል?» አሉ ቅር ብሏቸው። «እሺ፣ አሁን ባዶውን አንሺ። ከዚያ ግን እኛንም ታነሺናለሽ።»

ባዶው ተነሣ። ከዚያ ሰዉ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። አቶ ዳልጮ ግን እንደ እሑዱ መሰለፍ አልፈቀዱም።

«ተራራቁ! ሁሉም ችግኙን የሚተክልበት ቦታ ላይ ይቁም!»

ባለ ቀይ ጃንጥላዋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈጠነች፣ «ከእርስዎ አጠገብ ብተክል ውሃዬን ይሻሙኛል» ብላ ሰዉን አሳቀችው፤ ደግሞም ከአጠገባቸው ቆመች። ድሮኗ ስታልፍ ጃንጥላው ሁሉ ተወዛወዘ። ሰገነት እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ችግኙ ሐሙስ ቦምቤ ሳይሆን ሁምቦ ደረሰ። ጉድጓዱም ያንን የጃንጥላ ፎቶ እያዩ ተቆፈረ።

ክረምቶች አለፉ። አንድ ቀን ሰገነት አዲስ ፎቶ በታብሌት ይዛ አያቷ ቤት ገባች። አቶ ዳልጮ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እኔ የቱ ነኝ?»

ጥቁሩ ጃንጥላ በነበረበት ቦታ የበቀለውን አረንጓዴ ክብ አሳየቻቸው።

«ወይዘሮ ፈጠነችስ?»

«ይቺ አጠገብዎ ያለችው፣ ሰፋ ያለችው።»

«ይሻሙኛል ብላ እሷው ውሃዬን ጠጣችብኝ!» ብለው ሳቁ። ጣታቸው አረንጓዴው ላይ ቆየ።

«አባትሽ ጋ ደውይ» አሏት በመጨረሻ። «የተማርክበት ከሰል በቅሏል በይልኝ።»